በበቅሎ የተጫነ ብርድ

ከጉዞዬ ከተመለስኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ጠያቂው ግን አልቀነሰም። ናዝሬት ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሻይ ልጠጣ በተቀመጥኩ ቁጥር አንዱ ወንበር ስቦ ይቀርብና «እውነት ኮርማ በገንቦ ይዘህ ጋይንት ሄድክ?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ ከማስረዳት አንድ ጊዜ ጽፌ ብገላገል ይሻላል። ከእናንተ ውስጥ ጋይንትን አያለሁ ብሎ የሚነሳ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ብርዱን ስነግራችሁ ደግሞ ጭራሽ ትተዉታላችሁ።

ነገሩ የጀመረው በሥራ ባልደረባዬ በዓለሙ ነው። ሁለታችንም የከብት ሐኪም ረዳቶች ነን። ዓለሙ የስማዳ ልጅ ነው፤ እናቱ ወይዘሮ ተዋበች ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚተዳደሩት በከብቶቻቸው ነበር። ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ገብቶ መንደሩን ጠረገው። ስሙን ደስታ ብሎ ያወጣው ሰው ምን ነክቶት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ለወይዘሮ ተዋበች አንዲት ላም ብቻ ተረፈቻቸው። ኮርማ ግን በመንደሩ አንድም አልቀረም፤ ከሌላ ቦታ እንዳይመጣ ደግሞ በሽታው ይዛመታል ተብሎ ከብት ከወረዳ ወረዳ መንዳት ተከልክሏል። ላሟ ኮርማ የምትፈልግበት ቀን ሲደርስ ትጮኻለች፤ የሚመልስላት የለም። «እሷ ሳትወልድ ከቀረች እናቴ ቤቷን ዘግታ የዘመድ ጥገኛ መሆኗ ነው» አለኝ ዓለሙ፤ ይህን ሲል ፊቱን አዞረብኝ።

በመሥሪያ ቤታችን ከባሕር ማዶ የመጣ የኮርማ ዘር በትንንሽ ብልቃጥ ሆኖ በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይቀመጣል። ናይትሮጅን እናንተም አሁን የምትተነፍሱት ነው፤ አየር ውስጥ አለ። እጅግ በጣም ሲቀዘቅዝ እንደ ውሃ ይሆናል። በዚያ ብርድ ውስጥ ዘሩ ዓመት ቢቆይ አይሞትም፤ ብርዱ ያለቀ ቀን ግን አበቃ። አለቃችን «በመኪና ከሆነ እሺ፤ በበቅሎ ግን እየተናጠ መንገድ ላይ ያልቅብሃል» አሉኝ። ይሆናል አልኳቸው። እኔ አንድ ጊዜ ይሆናል ካልኩ የሚመልሰኝ የለም። የላሟን ልማድ የሚያውቁት ወይዘሮ ተዋበች «ለጥር ጊዮርጊስ ግድም ነው የምትፈልገው፤ ከቻላችሁ ቀደም ብላችሁ ድረሱ» ብለው በሰው ላኩ። ከሁለታችን የናይትሮጅን አያያዝ የተማርኩት እኔ ስለነበርኩ፣ እንዲህ ሆኖ እኔ ተነሳሁ።

እስከ ደብረ ታቦር በላንድሮቨር ሄድኩ። ስለዚያ መንገድ የምለው ብዙም የለኝም፤ አቧራ ነው፣ አቧራ ደግሞ እኛም ጋ ሞልቷል። ማክሰኞ ጠዋት ባለበቅሎው መኩሪያው ተቀበለኝ። መኩሪያው ጋይንቴ ነው፤ ቀጭን፣ ፂሙን የሚያሻሽ፣ ሲቀልድም ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። ዕቃዬን ዞሮ ዞሮ አየው። የወተት ማመላለሻ ጣሳ ይመስላል፤ ቁመቱ እስከ ጉልበት፣ አንገቱ ጠበብ ያለ ነው። በክዳኑ ዙሪያ ነጭ ጉም እየወጣ በጎኑ ቁልቁል ይፈሳል።

«ይኸ ነው ኮርማው?» አለኝ።

«እሱ ነው።»

«ይዋጋል?»

«እጅህን ከከተትክበት ጣትህን ያስቀርልሃል።»

«እንዲያ ከሆነ ከበቅሎዋ ጋር ይስማማሉ፤ እሷም የምትወደው ሰው የለም» ብሎ ዕቃውን በገለባ አቅፎ ጫነው።

የዚያን ቀን ክምር ድንጋይ ከምትባል መንደር አደርን። ጉና ተራራ በቅርብ ሆኖ ቁልቁል ያያችኋል። ናዝሬት ብርድ ማለት በክረምት ሸሚዝ ላይ ሹራብ መደረብ ነው። እዚያ ግን ጠዋት ስወጣ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል፤ የፊት መታጠቢያው ውሃ ላይ ስስ በረዶ ተጋግሯል። የመኩሪያው ትንፋሽ፣ የበቅሎዋ ትንፋሽ፣ ከዕቃዬ የሚወጣውም ጉም አንድ ዓይነት ነጭ ነበር። ይህን አትርሱት፣ ኋላ ይጠቅመናል።

ረቡዕ ወደ ማታ ንፋስ መውጫ ገባን። ስሟን በከንቱ አላገኘችም። የእኛ አገር ነፋስ አቧራውን ፊትህ ላይ አራግፎ ያልፋል፤ የንፋስ መውጫ ነፋስ ግን ባርኔጣህን ይዞ ይሄዳል። የእኔን ወሰደው፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመን እስኪጠፋ ድረስ አየነው። ያሳደረን የትምህርት ቤት አስተማሪ በነጠላ ፎጣ ራሴን ጠመጠመልኝና «አሁን የአገሩን ሰው መሰልክ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ያመጡልኝ የገብስ እንጀራና የባቄላ ክክ ወጥ ባርኔጣውን አስረሳኝ።

በአስተማሪው ቤት ግድግዳ ላይ ሰው ጨረቃ ላይ የወጣበት ሮኬት ፎቶግራፍ ተለጥፏል፤ ከመጽሔት የተቆረጠ ነው። ሮኬቱ ገና መሬት ላይ ቆሟል፤ ከጎኑ ግን ነጭ ጭስ ይወጣል። እንግዳ መጥቷል ብለው ከገቡት ጎረቤቶች አንዱ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ ገበሬ፣ ጣታቸውን ጭሱ ላይ አኖሩ።

«ይኸ ነገር ሁልጊዜ አይገባኝም» አሉ። «ገና እሳት ሳይነካው የሚጨሰው ስለምንድን ነው?»

ይህን ጥያቄ ካለ እኔ ለሌላ ሰው መጠየቅ አይገባም ነበር። የናይትሮጅን አያያዝ ያስተማረን ፈረንጅ የዚያኑ ሮኬት ፊልም አሳይቶ፣ እኔም ይህንኑ ጠይቄው፣ ግማሽ ቀን አስረድቶናል። «ጭስ አይደለም፣ ብርድ ነው» አልኳቸው። እሳት ያለ አየር አይነድም፤ ሰማዩ ላይ ከፍ ሲባል ደግሞ አየር የለም። ስለዚህ ሮኬቱ የሚነድበትን አየር፣ ኦክሲጅን የሚባለውን፣ አቀዝቅዞ እንደ ውሃ አድርጎ በሆዱ ተሸክሞ ይሄዳል። ከዚያ እየተነነ የሚወጣው ብርድ በዙሪያው ያለውን እርጥብ አየር ሲያገኘው ጉም ያደርገዋል። «ጠዋት ጉና ሥር ስትቆሙ ከአፋችሁ የሚወጣው ምንድን ነው? እሳት በልታችሁ ነው?» አልኩና የዕቃዬን ክዳን አነሳሁላቸው። ጉሙ ተንዶ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ሰዎቹ እግራቸውን ሰብሰብ አደረጉ፤ ገበሬው ግን ጎንበስ ብለው በእጃቸው ዳሰሱት።

«ታዲያ እንዲህ እየባከነ ምን ይተርፈዋል?»

«ለሮኬቱ እስኪነሳ ድረስ ይሞሉለታል። ለእኔ ግን የሚሞላልኝ የለም። ይህች ጉም ስታልቅ የስማዳዋ ላም ተስፋም ያልቃል።»

ሁሉም ከንፈራቸውን መጠጡ። ወሬዋ ከዚያች ቤት ወጥታ ከእኛ ቀድማ መንገድ ጀመረች።

ሐሙስ ወደ ታች ጋይንት ስንወርድ አንድ ገበሬ አሳደረን። ሚስቱ እግሬን አጥባ መደቡን ለቀቀችልኝ፤ እሱ ሄዶ ከበቅሎዋ አጠገብ ተኛ። እኛ አገር እንግዳ ሲመጣ ሆቴል እናሳየዋለን።

ዓርብ ዕለት አርብ ገበያ ከምትባለው ከተማ ደረስን። ገበያው ደምቋል፤ ገብስ፣ ስንዴ፣ ሽንብራ በየአህያው ወርዷል። የእኛ በቅሎ ብቅ ስትል ግን «ባለኮርማው መጣ» ተባለና ሰው ከበበን። አንዱ ጆሮውን ዕቃው ላይ ለጥፎ ማግሳቱን ለመስማት ሞከረ። መኩሪያው «ዝም በሉ፣ ተኝቷል» እያለ መንገድ አስከፈተልኝ። ያረፍንበት ቤት የመሪጌታ ኅሩይ ነው፤ ድጓ የሚያስተምሩ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉነሽ እንግዳ ሲያዩ ፊታቸው የሚበራ ሴት ናቸው። በማግስቱ አስተርእዮ ማርያም ስለሆነች ጓዳቸው በሥራ ተጣቧል። አንዱ ጋን ጠላ ለማርያም ደርሷል፤ ሌላውን ለመድኃኔ ዓለም ማኅበር ጠንስሰው አፉን በጨርቅ ሸፍነው በጭቃና በአመድ ይመርጉታል። እንፋሎቱ እንዳይወጣ ማለት ነው። እኔም ጓዳው ቀዝቃዛ ነውና ዕቃዬን ከጋኖቹ ጎን አስቀመጥኩ።

«ልጄ፣ እውነት ይቺ ጉም ካለቀች ዘሩ ይሞታል?» አሉኝ ወይዘሮ ሙሉነሽ።

«ይሞታል።»

«ያቺ የስማዳ ሴትዮስ?»

«ላሟ ባዶ ትቀራለች።»

«አይ የሴት ነገር» አሉና ዕቃውን አንድ ጊዜ አዩት። እኔ ገና ብዙ የምለው ነበረኝ፤ ግን መሪጌታ ለእራት ጠሩኝ። ቀኑ ጾም ነው፤ ሽሮው ግን ጾም አይመስልም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት መሪጌታ ከቅዳሴ ሲመለሱ እኔ ጓዳ ገባሁ። ሦስት ጋን ተደርድሯል። ልክ ነው፣ ሦስት። ሁለቱ የወይዘሮ ሙሉነሽ፣ ሦስተኛው የእኔ ነው፤ ሦስቱም አፋቸው በአንድ ዓይነት ጭቃ ተመርጓል። የእኔው እንዲያውም ከላዩ በጠፍር ግጥም ተደርጎ ታስሯል። ጉም የሚባል ነገር የለም።

«መረግኩልህ» አሉኝ ከኋላዬ ደስ ብሏቸው። «ሲተነፍስ ሲተነፍስ አላስችል አለኝ። የሰው ሀብት ሲባክን እያየሁ እንዴት ይሆናል?»

ደንግጬ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቃለሁና ድንጋጤው ብዙ አልቆየም። ሁሉንም ከጓዳው አስወጣኋቸውና በር ላይ ቆሜ፣ ዓርብ ያልጨረስኩትን ግማሽ ነገርኳቸው። ያ ፈሳሽ ሁልጊዜ እየፈላ ነው። ለእኛ ብርድ የሆነው ጓዳ ለእሱ እሳት ነው፤ ሲፈላ ደግሞ ይተናል፣ ትነቱ ከፈሳሹ ብዙ መቶ እጥፍ ቦታ ይፈልጋል። መውጫ ካጣ የያዘውን ዕቃ ይሰነጥቃል። ጨረቃ ከሚሄደው ሮኬት ጎን ጉም የሚወጣውም ለዚህ ነው፤ ሆዱ እንዳይፈነዳ መተንፈሻ ትተውለታል። ያንን መተንፈሻ የሚዘጉት ሊነሳ ጥቂት ሲቀረው ብቻ ነው።

«እንግዲያ ጉሙ ሲቆም ምን ማለት ነው?» አሉ መሪጌታ።

«ሊነሳ ነው ማለት ነው።»

መሪጌታ ወደ ቤታቸው ጣሪያ ቀና አሉ። ባለፈው ዓመት የከደኑት ሣር ነው።

ጠፍሩን መቁረጥ ነበረብኝ፤ ግን ፊትን እላዩ ላይ ደፍቶ አይቆረጥም። ረጅም እንጨት ፈለግሁ። መሪጌታ በእጃቸው የያዙትን መቋሚያ አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ሰጡኝ። «ለሰው ሀብት ማዳኛ ከሆነ ይዋል» አሉ። መኩሪያው ቢላዋውን ጫፉ ላይ አሰረልኝና ወይዘሮ ሙሉነሽን ይዞ ከአጥር ውጭ ቆመ። ከበሩ ጥግ ሆኜ ጠፍሩን ገዘገዝኩት። ጭቃው በብርዱ ድንጋይ ሆኗል።

ጠፍሩ ሲበጠስ ክዳኑ ጣሪያውን መትቶ ተመለሰ። ጭቃው ግድግዳው ላይና ፊቴ ላይ ተረጨ፤ ጉሙ በጓዳው ሞልቶ በበሩ በኩል ወደ ግቢው ፈሰሰ፣ ዶሮዎቹም ከፊቱ ሮጡ። መሪጌታ ብቻ ከቆሙበት አልተነቃነቁም።

«ይኸ ነው ጨረቃ ድረስ የሚሄደው?» አሉኝ።

«የዚህ ታላቅ ወንድም ነው።»

ዕቃው አልተሰነጠቀም። ክዳኑ ግን ለሁለት ተከፍሏል። የተረፈውን ለመለካት እንጨት ነክሬ ሳወጣ አመዳይ የያዘው ከታች ትንሽ ብቻ ነው፤ አንገቱ ክፍት ሆኖ ከተጓዝኩ ደግሞ ማግስቱን አይደርስም። ወይዘሮ ሙሉነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። «ገደልኩት?» አሉኝ። ያኔ አዘንኩላቸው። ስለ እኔ ዕቃ እንቅልፍ ያጣ ሰው እስከዚያች ቀን አላጋጠመኝም።

«አልሞተም። ክዳን ያስፈልገኛል፤ ብርድ የሚይዝ፣ ግን የሚያስተነፍስ።»

ጓዳ ገብተው ሊፈትሉት ያስቀመጡትን የበግ ፀጉር በእቅፋቸው ይዘው መጡ። ባና ለሚባለው ወፍራም ብርድ ልብስ የሚሆን የጋይንት በግ ፀጉር ነው። ላላ አድርገን ጠቀጠቅነው፤ ጉሙ በፀጉሩ መሐል ቀስ እያለ ብቅ አለ። «እንዲህ ይተንፍስ? ይበቃዋል? ላላ ላድርገው?» ሲሉኝ ሦስቴ ያህል ይበቃዋል አልኳቸው። ማርያምን ሳትውል አትሂድ ብለው ለመኑኝ፤ መዋል አልቻልኩም። ዳቦና ቆሎ አሸክመው እስከ መንደሩ ዳር ሸኙን።

ወደ ስማዳ የሚወስደው መንገድ ቆላ ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ ወንዙ ዳር ስንደርስ አየሩ ልክ የናዝሬት ሆነ፤ ግራር አለ፣ ላብ አለ። አገሬን ባገኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙቀትን ረገምኩ። መኩሪያው ሳልጠይቀው ጋቢውን አውልቆ ዕቃው ላይ ጥላ አደረገለትና ራሱ በፀሐይ ሄደ። ያን ቀን አልቀለደም። ዳገቱን ወጥተን ደጋው ጫፍ ላይ አንዲት ቤት አደርን።

እሑድ ስማዳ ገባን። አውድማው ላይ ሰዎች ገብሱን በዱላ ይወቁ እንደነበር ከነዶው ዙሪያ ያለው ዱላ ይናገራል፤ የሚያበራይ በሬ የለም። መንደሩን ከማየታችን በፊት ላሟን ሰማናት። ረጅም ጩኸት ነው፤ ትጮኽና ዝም ብላ ታዳምጣለች፣ ከዚያ እንደገና ትጮኻለች። እኔ ከብት ስሰማ ነው የኖርኩት፤ እንዲያ ያለ አልሰማሁም።

ወይዘሮ ተዋበች ደጃቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። ረጅም፣ ጥቁር የለበሱ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሴት ናቸው። ጉልበት ሳምኩ። መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ኮርማው አይደለም።

«ዓለሙ ከሳ?»

«ወፍሯል፣ እመት።»

«ተመስገን። ከዛሬ ንጋት ጀምራ ነው የምትጮኸው። ቀኗ ቀደመ።»

ከንጋት ከጀመረች ጊዜዋ ወደ ማታ ነው፤ ልክ ደርሻለሁ። ፀጉሩን አንስቼ እንጨት ነከርኩ። አመዳዩ የጣት ጫፍ ታህል ነው። አንድ የተከናነቡ ጎረቤት ሽማግሌ «ዛሬ እኮ ሰንበት ነው፤ ለነገ አይሆንም?» አሉ።

«ነገ ብርዱ አይኖርም» አልኩ።

ወይዘሮ ተዋበች ወደ ሽማግሌው ዞሩ። «እሷ ሰንበትን አላወቀችም። አንተ ሥራ፣ ልጄ።»

ብልቃጡን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አድርጌ በረዶውን አሟሟሁት። ላሟን መኩሪያውና ወይዘሮ ተዋበች ያዙልኝ፤ ሴትዮዋ ግንባራቸውን ግንባሯ ላይ አድርገው አንድ ነገር ያንሾካሽኩላታል። ሥራው ለማውራት ከሚወስድብኝ ጊዜ ያነሰ ነው። ስጨርስ ሽማግሌው «አለቀ? ኮርማው የታለ?» አሉ፤ ከተገናኘን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ መኩሪያው ሳቀ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ከዕቃው የሚወጣው ጉም ቀጠነ፣ ቀጠነና ቆመ።

«ሊነሳ ነው?» አለኝ መኩሪያው ፈንጠር ብሎ።

«የለም፤ አሁንስ አልቆ ነው።»

ሮኬትም ቢሆን ከውጭ ለሚያይ እንዲሁ ነው፤ ጉሙ ሲቆም ተዘጋ ወይስ አለቀ የሚያውቀው ውስጡን የሚያውቅ ብቻ ነው። ላሟ ግን ምን እንደያዘች ያን ጊዜ እኔም አላውቅም ነበር። ለወይዘሮ ተዋበች «ይዟል» ብዬ በልበ ሙሉነት ተናገርኩ። ዓይኔን ለረጅም ጊዜ አዩና «እግዜር ይወቅ» ብለው አልጋቸውን ለቀቁልኝ።

በመመለሻችን በእስቴ በኩል ወጣን። መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ከመኩሪያው ጋር ተለያየን፤ ባርኔጣዬ ምናልባት ወሎ ደርሶ እንደሆነ ሊያጠያይቅልኝ ቃል ገባ። የቀረውን መንገድ እህል በጫነ መኪና ላይ ተቀምጬ ጨረስኩ። ለአለቃችን ባዶውን ዕቃ ሳስረክብ የበግ ፀጉሩን ከአንገቱ አላወጣሁትም፤ ዛሬም የምንጠቀመው እሱን ነው።

ከአርብ ገበያ በኩል የመጣ ሰው እንደነገረኝ፣ ወይዘሮ ሙሉነሽ አሁን ጋን ሲመርጉ አንዲት ጭራሮ ሰክተው መተንፈሻ ይተዋሉ፤ የጠየቃቸውን ሁሉ «ጨረቃ የሚሄዱትም እንዲህ ነው የሚያደርጉት» ይሉታል።

ከስማዳ ለወራት ምንም አልተሰማም። ባለፈው ሳምንት ዓለሙ እየሮጠ ቢሮ ገባ፤ ከእናቱ ዘንድ ሰው መጥቶለታል። ላሟ ወልዳለች፤ ግንባሩ ነጭ የሆነ ወንድ ጥጃ ነው። ወይዘሮ ተዋበች ለእኔ የላኩት ቃል ደግሞ አጭር ነው፤ መልእክተኛው እንዳይጠፋበት በመንገድ ሁሉ ሲደጋግመው መጥቷል።

«ለዚያ ልጅ ንገርልኝ፤ አሁን ስትጮኽ የሚመልስላት አለ።»